የክፍል አለቃውን ማን መረጠው?

አንድ እሑድ ማታ ነው። ልጄ ሰኞ የዜግነት ትምህርት ፈተና አለባት። ሰባተኛ ክፍል ናት። ደብተሯን ሰጠችኝና «እማ፣ ጠይቂኝ» አለች። የዴሞክራሲ መርሆዎችን ጠየቅኋት። የሕዝብ ሉዓላዊነት፣ የሕግ የበላይነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ ነፃና ፍትሐዊ ምርጫ። ጣቷን እያጠፈች እንደ ውኃ ወረደችው። ደብተሩን ልዘጋው ስል አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ።

«የክፍላችሁን አለቃ ማን መረጠው?»

«ቲቸር ነው የመደበው።»

«እናንተን ሳይጠይቅ?»

«ለምን ይጠይቀናል?» አለችኝ።

ከልቧ ነው። ቀልድ የለበትም፣ ምሬትም የለበትም። ነፃና ፍትሐዊ ምርጫ ለእሷ ነገ ፈተና ላይ የሚመጣ ነገር ነው። የክፍል አለቃ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ይገናኛሉ ብላ አስባ አታውቅም። እንድታስብ ያደረጋትም ሰው የለም፤ እኔም ጭምር።

«ትምህርት ዴሞክራሲያዊና ዘላቂ ማኅበረሰብ ለመገንባት» የሚል ነገር በየስብሰባው፣ በየባነሩ እናያለን። ጥሩ ሐረግ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ግን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳን ብዙም የለም። እኔ በገባኝ መጠን ላስረዳ። የምኖረው ሐዋሳ ስለሆነ ከሐይቃችን ብጀምር ይቀለኛል።

የሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውኃው በአብዛኛው የሚቀንሰው ፀሐይ ሲያተነው ነው። ፀሐይ ደግሞ ውኃውን እንጂ አብሮት የመጣውን አትወስድም። ከወንዶ ገነት ተዳፋቶች የሚታጠበው አፈር፣ ከየማሳው የሚወርደው ማዳበሪያ፣ ከከተማው ቦይ የሚገባው ፕላስቲክ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ከከተማው በስተምሥራቅ ጨለለቃ የሚባል አነስ ያለ ሐይቅ ነበረን። የድሮ ካርታ ላይ ሐይቅ ተብሎ ታገኙታላችሁ። ዛሬ ረግረግ ነው። ደለል ሞላው፣ ውኃው ሸሸ። አንድ ቀን በድንገት የጠፋ አይደለም። ቀስ በቀስ፣ ሰው እያየው ነው ያለቀው።

«ዘላቂ» ማለት እንግዲህ ችግኝ መትከል ብቻ አይደለም። ዛሬ ስንበላ የነገዎቹን ድርሻ አብረን አለመብላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የኖርዌይዋ ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የመሩት የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን የሰጠው ትርጉምም በቀላል አማርኛ ሲነገር ይኸው ነው።

አሁን ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂዱ። ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ ቆሮሶው ሲገፈፍ፣ አባ ኮዳዎቹ ትርፍራፊ ሲጠብቁ ታያላችሁ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ቢጥል ዛሬ ብዙ ያገኛል። ግን ጫጩቶቹንም ይዞ ይወጣል። ያላደገ ዓሣ ደግሞ አይራባም። ይህን እሱ ከኔም ከናንተም በላይ ያውቃል። ታዲያ ለምን ይጥላል? ከጠየቃችሁት መልሱ አንድ ነው፦ «እኔ ብተወው ሌላው ያጠምደዋል።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። የሀገራችን ችግር ግማሹ እሷ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እኔ ቆሻሻ ባልጥል ሌላው ይጥላል። እኔ ባልኮርጅ ሌላው ይኮርጃል። እኔ ጉቦ ባልሰጥ ሌላው ሰጥቶ ይቀድመኛል። የሚናገራት ሰው ክፉ አይደለም። ሌላውን ስለማያምን ብቻውን ሞኝ መሆን አልፈለገም።

ከዚህ አዙሪት እንዴት ይወጣል? ጥበቃ ማቆም አንድ መንገድ ነው። ጥበቃው ግን ይተኛል፣ ይዘዋወራል፣ አንዳንዴም ይገዛል። ሌላው መንገድ አጥማጆቹ ራሳቸው ተቀምጠው ተነጋግረው የመረቡን ልክ መወሰን፣ የወሰኑትንም እርስ በርስ መጠባበቅ ነው። ለዚህ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። ዓሣው ለመራባት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ማወቅ፣ የማይስማሙበትን ሰው ሳይሰድቡ መከራከር፣ ሐሳባቸው ሲሸነፍም ስብሰባውን ረግጦ አለመውጣት።

በእኔ አመለካከት ዴሞክራሲ ይህ ነው። ሰዎች ራሳቸው ባወጡት ሕግ ራሳቸውን ሲገዙ። በየአምስት ዓመቱ ሰልፍ ይዞ ካርድ መጣል ከእሱ አንዱ ክፍል ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። «ዴሞክራሲያዊ» እና «ዘላቂ» የሚሉት ቃላት ሁልጊዜ አብረው የሚጠሩትም ለዚህ ነው። ሐይቅን በትእዛዝ ብቻ ማዳን አይቻልም። የጋራ የሆነ ነገር የሚተርፈው የጋራ ስምምነት ሲኖር ነው።

ይህን ታዲያ የት ነው የምንማረው? ቤት ውስጥ ትልቅ ይናገራል፣ ትንሽ ይሰማል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተመሳሳይ እምነት ያላቸው ሰዎች የሚሰበሰቡበት ነው። ልጅ ከማይመስሉት ልጆች ጋር በእኩልነት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀመጠው ትምህርት ቤት ነው። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ የሲዳማ፣ የወላይታና የጉራጌ ልጅ ተጣብበው ማየት ብርቅ አይደለም። ማስቲሽና ማስመሪያ ይዋዋሳሉ፣ በመስኮቱ ቦታ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ሀገር በትንሹ ማለት ያ ዴስክ ነው።

ስለ ትምህርቱ ይዘት ብዙ አልቆይም፤ ምክንያቱም በወረቀት ላይ ድሆች አይደለንም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሮ ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። ማንበብ የማይችል ሰው የሚፈርምበትን አያውቅም፤ ስለዚህ ያ ዘመቻ ከዴሞክራሲ ጋር ይገናኛል፣ ያዘመተው መንግሥት ዴሞክራት ባይሆንም። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባርን አመጣልን። አሥራ አንዱን እሴቶች የማያስታውስ የእኔ ዘመን ተማሪ ካለ ይንገረኝ። የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ የሀገር ፍቅር፣ ኃላፊነት፣ ቁጠባ፣ እውቀትን መሻት እያለ ይቀጥላል። ከክፍል ክፍል እየተደጋገሙ መጡ። ሸመደድናቸው። ፈተናም አለፍንባቸው።

መሸምደድን ጨርሶ አልንቅም። ማባዣ ሠንጠረዥ ካልሸመደዱት አይገባም። ግን ፍትሕን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ መሸምደድ አይቻልም። ብስክሌት መንዳትን በደብተር ተምሮ የሚነዳ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጅ ስለ ተጠያቂነት ከመጽሐፉ የሚማረው አንድ ገጽ ነው። መምህሩ ሲሳሳት «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ሲል ካየ ግን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። መምህሩ ተሳስቶ የጠቆመውን ልጅ ካንበረከከም አይረሳውም። ሁለቱም ትምህርት ናቸው። ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ባስተዳደሩም ነው፤ ማን ይናገራል፣ ማን ይጠየቃል፣ ሕጉን ማን አወጣው በሚለው።

በቅርብ የማውቃት አንዲት መምህርት አለች። ስድስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ባለፈው ዓመት የክፍል አለቃ ራሷ ከመመደብ ይልቅ ልጆቹ ይምረጡ ብላ ወሰነች። ሦስት ልጆች ተወዳደሩ። እያንዳንዳቸው ፊት ወጥተው ምን እንደሚሠሩ ተናገሩ። ከደብተር መሃል የተቀደደ ወረቀት ታደለ፤ ኮሮጆው የጠመኔ ካርቶን ነበር። ቆጠራው ሰሌዳ ላይ ነው፤ አራት ቋሚ ሰረዝ፣ አምስተኛው አግድም። ሲያልቅ ከኋላ አንዲት ልጅ ጮኸች። «ቲቸር፣ አርባ ሦስት ሆነ እኮ!»

በክፍሉ ያለው ተማሪ አርባ ሁለት ነው።

አሸናፊው በስድስት ድምፅ ይመራል። አንዷ ወረቀት ምንም አትለውጥም። ግማሹ ክፍል «በቃ፣ አሸንፏል!» አለ። ሌላው «ይደገም!» አለ። መምህርቷ አልፈረደችም። እናንተ ተነጋገሩበት ብላ መስኮቱ ጋ ቆመች። ክፍለ ጊዜው በክርክር አለቀ። በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ ልጅ፣ እሷ እንደምትለው ከመስከረም ጀምሮ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ፣ ተነሥቶ «ዛሬ በአንድ ካለፍነው በሚቀጥለው በአሥር ያደርጉታል» አለ። በማግስቱ ተደገመ። ያው ልጅ አሸነፈ፣ በአምስት ድምፅ። ያኮረፈ አልነበረም።

መጽሐፉ ውስጥ «ነፃና ፍትሐዊ ምርጫ» የሚለው ርዕስ ስንት ገጽ እንደሆነ አላውቅም። እነዚያ ልጆች ግን ከውጤቱ በላይ አካሄዱ ለምን እንደሚያስጨንቅ ገብቷቸዋል። ይህን የሚያስረዳ ንግግር ብዙ ትልልቅ ሰዎች አላገኙም።

መምህርቷ አንድ ነገር ጨመረች፤ እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ እሱ ነው። ሁለተኛ ለወጣችው ልጅ ሥራ ሰጠቻት። ዓርብ ዓርብ ፊት ወጥታ አለቃውን «ቃል የገባኸው የት ደረሰ?» ብላ ትጠይቀዋለች። እሱም ይመልሳል። ቃል ከገባቸው አንዱ ለክፍሉ የቆሻሻ ቅርጫት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቅርጫት የለም። ለምን ሲባል «ቢሮ ገንዘብ የለም አሉኝ» አለ። ልጆቹ ተነጋገሩና ሃይላንድ ሰብስበን ለቁራሌ እንሽጥ አሉ። ሰበሰቡ። እግረ መንገዳቸውን ቆጠሩ፤ ከአንድ ክፍል ብቻ በሳምንት ከሁለት መቶ በላይ ባዶ ፕላስቲክ። ሒሳብ መምህሩ በትምህርት ቤቱ ክፍሎች ብዛት አባዙት አላቸው። ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ሲጻፍ አንዱ «ይሄ ሁሉ የት ነው የሚሄደው?» አለ። ወደ ቦዩ። ቦዩስ? ወደ ሐይቁ። ከሐይቁስ?

ያንን ነው ያልኳችሁ። መውጫ የለውም።

ለእኔ «ትምህርት ለዘላቂ ልማት» የሚባለው ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር። ሒሳብ፣ ሳይንስና ዜግነት በአንድ ጥያቄ ተገናኙ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ካጸደቃቸው 17 ግቦች አራተኛው ትምህርት ነው። በውስጡም ተማሪዎች ሁሉ ለዘላቂ ልማት፣ ለሰብአዊ መብትና ለሰላም የሚሆን እውቀት ያግኙ ይላል። ትልቅ ቃል ነው፤ ሥራው ግን የጠመኔ ካርቶንና ባዶ ሃይላንድ ይበቃዋል።

የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ስድሳ ሰባ ልጅ ተጨናንቆ፣ መምህሩ በደመወዙ ወሩን መጨረስ አቅቶት፣ የምን ክርክር ነው የምታወሪው? እውነት ነው። መምህርን እያስራቡ ዴሞክራሲ አስተምር ማለት ግፍ ነው። ይህን ሳልል ባልፍ ያንን ሁሉ ሸክም መምህር ላይ መጣል ይሆንብኛል።

ሌላው ተቃውሞ ከወላጅ ነው። «ልጄ ፈተና ይለፍልኝ፣ ሌላው ይደርሳል።» ይህንንም እረዳለሁ፤ እኔም ወላጅ ነኝ። ግን እስቲ ፈተናውን እንየው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተፈተኑ። እዚያ የተወሰዱበት ዋናው ምክንያት ኩረጃና የፈተና ስርቆት ነበር። ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ያን ቀን ስንት ቤት እንደተለቀሰ ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ኮቪድ ነበረ፣ ጦርነት ነበረ። ነገር ግን አንድ ነገር ገሃድ ወጣ። «ሌላውም ይኮርጃል» እያልን ያሳደግናቸው ልጆች ብቻቸውን ወረቀት ፊት ሲቀመጡ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ጠባቡ መረብ ይህ ነው። ኩረጃ የሥነ ምግባር ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ሕግን ማመን ከልጅነት የሚሞትበት ቦታ ነው። በዜግነት ትምህርት ፈተና ኮርጆ መቶ ያመጣ ልጅ ምን ተማረ ትላላችሁ?

ደግሞ ይህ የጥያቄና የክርክር ነገር ከውጭ የመጣ አይደለም። የቅኔ ተማሪ በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ መቁጠር፣ ማለትም መድረስ፣ አለበት፤ የሌላውን ይዞ መቅረብ ነውር ነው። እዚሁ ሲዳማ ውስጥ ደግሞ አፊኒ አለ። ቃሉ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። አንድ ጉዳይ ሲነሣ ሽማግሌው ከመፍረዱ በፊት የተቀመጡት ሁሉ መስማታቸውን፣ መረዳታቸውን፣ ሐሳብ መስጠታቸውን ያረጋግጣል። ሳይሰሙ መወሰን የለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ ላይም ሽማግሌዎች ሕዝቡን ሲመክሩ ሀገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አትስረቁ፣ ሠርታችሁ ብሉ ይላሉ። አስተውሉ፤ ዛፍና ሐቅ በአንድ ምክር ውስጥ ናቸው። «ዴሞክራሲያዊና ዘላቂ» ብለን በባነር የምንጽፈውን እነሱ በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ሜዳ ላይ በቃል ሲሉት ኖረዋል። የክፍል ስብሰባ «አፊኒ?» ተብሎ ቢጀመር ምን ይጎድለናል? የሲዳማም ሆነ የሌላው ልጅ ይወደዋል ብዬ አምናለሁ።

ሕጉም ከኛ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት በቀጥታ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ሰጥቶታል። ማለትም ሐይቁ ዳር አንድ ነገር ሲሠራ «እኛን ጠይቃችሁናል ወይ?» ማለት መብታችን ነው። ግን የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስንቶቻችን ነን እጃችንን የምናወጣው? ቁጭ ብለን እንሰማለን፣ እናጨበጭባለን፣ ውጭ ስንወጣ እናማርራለን። ሰነፎች ስለሆንን አይመስለኝም። በአሥራ ሁለት ዓመታችን «ለምን ይጠይቀናል?» ብለን ስላደግን ነው። አሥራ ስምንት ሲሞላ የምርጫ ካርድ ይሰጣል፤ ድፍረቱ ግን ከካርዱ ጋር አይታደልም።

ሕዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ከጎህ በፊት ጀምሮ የተሰለፈውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ እዚህ ሕዝብ መምረጥ አይወድም ሊል አይችልም። ፍላጎቱ አለ። የጎደለን በምርጫና በምርጫ መካከል ያሉትን ቀኖች መኖር ነው። ዓርብ ዓርብ ፊት ወጥቶ «ቃል የገባኸው የት ደረሰ?» ማለት።

ወላጅ ምን ያድርግ ለሚለኝ፣ ትልቅ ነገር የለኝም። ወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) ስብሰባ ሂዱ። ክፍያና ዩኒፎርም ብቻ አትጠይቁ፤ ልጆቹ በምን በምን ላይ ሐሳብ ይሰጣሉ ብላችሁ ጠይቁ። የተማሪዎች ፓርላማ አለ ከተባላችሁ ባለፈው ወር ምን ወሰነ በሉ። ቤት ውስጥም ልጅ «ለምን?» ሲል «ዝም በል» ከማለት በፊት ምክንያቱን ንገሩት። ምክንያት ከሌላችሁ ደግሞ ሕጉን ቀይሩት። እኔ ይህን ስጀምር ቀላል አልመሰለኝም፤ ስልክ ከማታ ሦስት ሰዓት በኋላ አይነካም የሚለውን ሕጌን ልጄ ተከራክራ «አንቺም ጭምር» ብላ አሻሽላዋለች።

እኔም ባለፈው ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ሄድኩ። እጄን አውጥቼ የክፍል አለቃ ለምን አይመረጥም አልኩ። አዳራሹ ትንሽ ዝም አለ። የክፍል ኃላፊው ጥሩ ሰው ነው። አስቦበት አያውቅም፤ እሱም ሲማር ተመድቦ ነበር። ለሁለተኛው መንፈቅ እናስመርጣለን አለ።

ለልጄ ነገርኳት። ደስ የምትል መስሎኝ ነበር። ዝም ብላ ቆየችና «መወዳደር ይቻላል?» አለች። አሁን ደብተሯ መጨረሻ ገጽ ላይ የምትናገረውን እየጻፈች ትሰርዛለች። ያልሰረዘቻት የመጀመሪያዋ መስመር ስለ ሴቶች ሽንት ቤት ውኃ ናት።